ስለ ሳይንቶሎጂ ለሚጠይቁ፦ ከዜኑ በፊት ጣሳዎቹን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እዚህ አዳማ ሃይማኖት ነኝ ስለሚለው የአሜሪካ እንቅስቃሴ፣ ስለ ሳይንቶሎጂ፣ ጨዋታ ከተነሣ ሁለት ስም ብቻ ነው የሚጠራው፤ ተከታዩ የፊልም ተዋናይ ቶም ክሩዝና ከ75 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነፍሳትን ወደ ምድር አጋዘ የሚባለው ዜኑ። በዜኑ መሳቅ ቀላል ነው። ግን ይህ ትረካ ለጀማሪ አይነገርም። ኦቲ ሦስት ለተባለው ከፍተኛ የትምህርት ደረጃ ለበቁ ብቻ የሚገለጥ ምስጢር ሆኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፍርድ ቤት ሰነድ ነው አደባባይ የወጣው። ተራው ተከታይ እዚያ ሳይደርስ ዓመታት ይቆያል። በነዚያ ዓመታት ምን እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ሳይንቶሎጂን አወቅሁ ማለት አይችልም።

ዋናው ሥራ ኦዲቲንግ ይባላል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ተጠያቂው በሁለቱም እጆቹ የብረት ጣሳ ይጨብጣል፤ ጣሳዎቹ ኢ-ሜትር ከተባለ መሣሪያ ጋር በሽቦ ተያይዘዋል። መሣሪያው በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ ያሳልፍና የቆዳው የመቋቋም ኃይል ሲለዋወጥ መርፌው ይንቀሳቀሳል። ጠያቂው፣ ማለትም ኦዲተሩ፣ አስቀድሞ የተዘጋጁ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። መርፌው የዘለለበትን ጉዳይ ይዞ «ከዚህ ቀደምስ ተመሳሳይ ነገር ነበር?» እያለ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ መጀመሪያ ወደ ልጅነት፣ ቀጥሎ ካለፈ ሕይወት ነው ወደሚባለው። መርፌው ዝግ ብሎ ወዲያና ወዲህ መንሳፈፍ ሲጀምርና የተጠያቂው ፊት ሲፈታ የዕለቱ ሥራ ያበቃል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው እምነት ይህ ነው። የእንቅስቃሴው መሥራች ኤል ሮን ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው «ዳያነቲክስ» መጽሐፍ እንዳስተማረው፣ ሰው በሕመምና ራሱን በሳተበት ሰዓት የደረሰበት ሁሉ ኢንግራም ሆኖ በአእምሮው ስውር ክፍል ይቀረጻል፤ በኋላም ያለ ምክንያት ያስፈራዋል፣ ያሳምመዋል። ይህ የተጠረገለት ሰው ክሊር ይባላል። ሰው በመሠረቱ ሥጋ ሳይሆን ከሥጋ ወደ ሥጋ የሚሸጋገር የማይሞት ቴታን ነው የሚለው ትምህርት ጥቂት ቆይቶ የመጣ ነው፤ ከክሊር በላይ ያሉት ስምንቱ የኦቲ ደረጃዎችም የቴታኑን ኃይል ለመመለስ ነው የታሰቡት።

አንዳንዱ ኦዲቲንግን ከንስሐ ጋር ያመሳስለዋል። ኦዲተር ግን አይፈታም፣ አይመክርም፣ አይገሥጽም፤ እንዲያውም ተጠያቂው የተናገረውን እንዳይተረጉምለት ደንቡ ይከለክለዋል። የተባለው በዶሴ ይሰፍራል፤ ኬዝ ሱፐርቫይዘር የሚባል ሌላ ሰው ያንን አንብቦ ቀጣዩን እርምጃ ያዝዛል። ኦዲቲንግ የ12 ሰዓት ተኩል ርዝመት ባለው ጥቅል የሚሸጥ አገልግሎት መሆኑም አለ።

መርፌው እውነትን አይለካም። እጅ ሲያልበው፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ጣሳው ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ንባቡ ይለወጣል፤ ድንጋጤም ሐሳብም ያንቀሳቅሰዋል። የአሜሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 መሣሪያው ለበሽታ ምርመራም ሆነ ሕክምና እንደማይጠቅም የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት የወሰነው በከንቱ አልነበረም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውጤት ሲጠፋ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ዘዴው ፈጽሞ አይጠረጠርም። ተማሪው ካዛጋ ያልገባውን ቃል አልፏል፤ ተመልሶ መዝገበ ቃላት ይግለጥ። መርፌው ካስቸገረ ተጠያቂው አልተኛም፣ አልበላም ወይም አልኮል ቀምሷል። መሻሻሉ ካልጸና ደግሞ አጠገቡ «ጨቋኝ» የሚባል ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ተቃዋሚ እናት ወይም ወንድም ሊሆን ይችላል፣ መጨረሻውም ግንኙነት እስከ ማቋረጥ ይደርሳል። ድርጅቱ ይህ የግለሰቡ ምርጫ ነው ይላል፤ ለቀው የወጡ ብዙዎች ግን ተገድደን ነው ይላሉ።

አደገኛው ክፍል መድኃኒትንና መርዝን ከሰውነት ያስወጣል የሚባለው «የማንጻት» መርሐ ግብር ነው። ተሳታፊው ይሮጣል፣ ቀጥሎ ሳውና በሚባል በጣም የሚሞቅ ክፍል ውስጥ በቀን 5 ሰዓት ያህል ርዝመት ላለው ጊዜ ሊያልበው ይችላል፤ ናያሲን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ3፣ ከ100 ሚሊ ግራም ጀምሮ እስከ 5,000 ይጨመርለታል። የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 16 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ቆዳው ሲቀላና ሲያቃጥለው የቆየ ጨረር እየወጣ ነው ይባላል፤ በእርግጥ ግን ናያሲን የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው። መድኃኒትንና መርዝን በዋናነት የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ የበዛ ናያሲን ደግሞ ያንኑ ጉበት ይጎዳል። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ሲቆይ ራሱን የሚያዞረው ሰው የ5 ሰዓቱን ሳውና ያስበው።

ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም ለሚለው አገሮች አልተስማሙም። አውስትራሊያ በ1983፣ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት በ1993 እንደ ሃይማኖት ተቀብለውታል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ፈረንሳይ ውስጥ በ2009 በማጭበርበር ተፈርዶበት ቅጣቱ በ2013 ጸንቷል።

በስልካቸው ለሚያስሱ ወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር። መግቢያው ብዙ ጊዜ 200 ጥያቄ ያለው ነጻ የጠባይ መመዘኛ ነው። ውጤቱ በግራፍ ይቀርባል፤ መስመሩ ዝቅ ያለበት ቦታ ይታይና ለዚያ የሚሆን የሚከፈልበት ኮርስ ይጠቆማል። መመዘኛው በስሙ ኦክስፎርድ የሚል ቃል አለው፤ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ግን አይገናኝም።

የሃይማኖቶች ንጽጽር መምህር፣ ከአዳማ