ጠመዝማዛው መንገድ ቀናችንን እየበላብን ነው

በደሴ ከተማ የመንገድና የትራንስፖርት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ቤቴ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ሰሞኑን ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለውን ቁልቁለት በስልኬ ለካሁት፤ 9 ደቂቃ ነው። ሳልለካው ብትጠይቁኝ ግን ያለጥርጥር 20 እላችሁ ነበር። ከአስፋልቱ እስከ ሥራ ቦታዬ ደግሞ በሚኒባስ 14 ደቂቃ ይፈጃል። እሱ ለእኔ ምንም አይመስለኝም።

ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ደሴ በተራሮች መሀል ርዝመቷን ተኝታለች። ዋናው አስፋልት ላይ የት እንደደረስን ይታየናል። የሰፈራችን መንገድ ግን አንዱን አጥር ስንዞር ሌላ አጥር ይገትርብናል። ሳዳላና ማጄል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል፤ እኩል ርዝመት ካላቸው መንገዶች መታጠፊያ የበዛበት ለተራማጁ ረዝሞ ይታየዋል።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሰኞ ገበያ መውረድ ትታለች። «ሩቅ ነው» ትላለች። ጉልበቷ ደህና ነው። ያሸነፋት ማለቂያው የማይታየው መንገድ ነው። ጎረቤቶቼም ለዚያችው ለ9 ደቂቃ መንገድ ባጃጅ ይከፍላሉ።

የኮምቦልቻ ተመላላሾችም ይህን ያውቁታል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠመዝማዛው የሐረጎ ዳገት ላይ ግን አያልቅም። (ሐረጎ የእናንተ ኃላፊነት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ገባኝ።)

ተራራውን አስተካክሉልን አልልም። የምለምነው ትንሽ ነው። አዲስ የውስጥ መንገድ ስታወጡ መታጠፊያው ላይ ረጅም ግንብ አይቁም፤ ቁልቁል አስፋልቱ ይታየን። በየመግቢያው «አስፋልት 9 ደቂቃ» የሚል ሰሌዳ ትከሉ። መሀል ላይ አረፍ የሚባልበት የድንጋይ መቀመጫ ይኑር፤ ለእናቴ ዕድሜ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ታክሲ መጠበቂያው ላይም መጠለያ ሥሩልን። ቆሞ መጠበቅ መኪና ውስጥ ከመቀመጥ እጅግ ይረዝማል፤ በብዙ የትራንስፖርት ስሌት የጥበቃ ደቂቃ በእጥፍ ገደማ የሚታሰበው ለዚህ ነው። በክረምት ዝናብ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ከእናንተ አንዱ አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰፈራችን ይምጣልኝ። ሰዓት ሳናይ አብረን እንውረድ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ስንት ደቂቃ እንደመሰለው ይንገረኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጦሳ ሥር ነዋሪ፣ ደሴ