የእግር ቆዳ ሕመምን በቅላት ብቻ አንለይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በእግር ላይ የሚታዩ የቆዳ በሽታዎችን ስለመለየት ያወጣችሁት ጽሑፍ መቅላትን ዋና ምልክት ማድረጉ ያሳስታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ብግነት (የቆዳ መቆጣት) ብዙ ጊዜ ቀይ አይመስልም፤ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ከወትሮው የጠቆረ ሆኖ ነው የሚታየው። ቅላት የሚጠብቅ ሰው ሕክምና ይዘገይበታል። ስለዚህ ሁለቱን እግሮች በእጅ ጀርባ ዳስሶ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ጽሑፉ ከናካቴው ያላነሳው ደግሞ የአንድ እግርና የሁለት እግር ጉዳይ ነው። ሴሉላይተስ የተባለው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እግር ብቻ ይይዛል፤ ያብጣል፣ ይግላል፣ ሲነኩት ያማል፣ በፍጥነትም ይሰፋል። በጣቶች መካከል ያለ ነጭና እርጥብ ስንጥቅ ካለ ባክቴሪያው የገባበት በር እሱ ሊሆን ይችላል። ከደም መልስ ሥሮች (ደምን ወደ ልብ ከሚመልሱት) ድክመት የሚመጣው የቆዳ ብግነት ግን በአብዛኛው በሁለቱም እግሮች፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ያሳክካል፣ ይላላጣል፣ እየቆየም ይጠቁራል። ሁለቱ ሲምታቱ ይህ ሁለተኛው ሕመም ያለበት ሰው የማይረባውን አንቲባዮቲክ ይውጣል።

በሚቀጥለው እትም የጥቁር ቆዳ ፎቶዎች ይውጡ። ከፎቶዎቹ ግርጌም እንዲህ ይጻፍ፦ አንድ እግር በድንገት አብጦ ከጋለ መስፋቱ እንዲታወቅ ያበጠውን ቦታ ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።