ታቹ ወደየት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ የምሠራ አናጺና እንጨት ቀራጭ ነኝ። ጋዜጣ የምገዛው ለሁለት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ አነበዋለሁ፣ ከዚያ ቫርኒሽ ስቀባ መሬት ላይ አነጥፈዋለሁ። ስለ ቻይናው የዪንና ያንግ ምልክት የጻፋችሁበትን ገጽ ግን ላነጥፈው አልሆነልኝም፤ ከመጋዞቹ በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር መትቼዋለሁ። የሰቀልኩት ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። ጽሑፉና ሥዕሉ አልተስማሙም።

ጽሑፋችሁ በክቡ ዙሪያ ካሉት ስምንት ባለ ሦስት መስመር ምልክቶች ውስጥ ሰማይ የሚባለው ከላይ፣ ምድር የሚባለው ከታች ሆነው ይተያያሉ ይላል። ልክ ነው፣ እንዲህ ያለ አሰላለፍ አለ። ሥዕላችሁ ግን ከላይ እሳትን፣ ከታች ውኃን ነው ያስቀመጠው፤ እሱ ሌላ አሰላለፍ ነው። ቻይናዎች የመጀመሪያውን «የቀድሞው ሰማይ» ብለው በአፈ ታሪክ ለሚነገርለት ለፉሺ ይሰጡታል፤ በሰፊው የታወቀው ግን በ11ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈላስፋ በሻዎ ዮንግ በኩል ነው። ሁለተኛው «የኋለኛው ሰማይ» ይባላል፤ እሱን ደግሞ ለንጉሥ ዌን ይሰጡታል። በመጀመሪያው አራቱም ትይዩ ጥንዶች ፍጹም ተቃራኒ ናቸው፤ በአንዱ ሙሉ መስመር ባለበት በሌላው የተቆረጠ ነው። በሁለተኛው እንዲህ የሚሆኑት እሳትና ውኃ ብቻ ናቸው። በሥዕላችሁ ላይ ጣቴን እያሻገርኩ ቆጠርኩት፣ አንድ ጥንድ ብቻ ነው የወጣልኝ። የሥዕሉ አናት ሰሜን ነው ማለታችሁም አልሆነም። በጥንቱ የቻይና ሥዕል አናቱ ደቡብ ነው፣ ግራው ምሥራቅ።

አናጺ ይህን ከየት አመጣው ትሉ ይሆናል። ከኪሳራ ነው ያመጣሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ቴኳንዶ የሚያስተምር ሰው ለግድግዳ የሚሆን ክብ ሰሌዳ አዘዘኝ፤ ዋንዛ፣ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ መሐሉ ሁለቱ ዓሦች (የተቃቀፉት የዪንና የያንግ ግማሾች)፣ ዙሪያው ስምንቱ ምልክቶች። ምልክቶቹን ቀጥ አድርጎ አንድ በአንድ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር እየሰጠ በወረቀት ሣለልኝ። የየትኛው ቦታ የት እንደሆነም አሳየኝ። «የሚተያዩት ተቃራኒ መሆን አለባቸው» ብሎኝ ሄደ።

ሃያ አራት መስመር ነው። አሥራ ሁለቱ ሙሉ፣ አሥራ ሁለቱ መሐላቸው የተቆረጠ። ለቀራጭ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ሙሉውን በኋላ መቁረጥ ይቻላል፣ አንዴ በመሮ የተነሳውን እንጨት ግን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ተጠነቀቅሁ። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ እያዞርኩ፣ የምሠራውን ምልክት ወደ ሆዴ እያመጣሁ ቀረጽኩ። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው የገባው። ወረቀቱ ላይ «ታች» የሆነው መስመር ለእኔ ወደ ሆዴ ያለው፣ ማለትም የሰሌዳው ጠርዝ መሰለኝ። ለካ ታች የሚባለው ወደ መሐል፣ ወደ ዓሦቹ ያለው ኖሯል። ምልክቱ የሚነበበው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ጨርሼ ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥሬ ትይዩዎቹን መረመርኩ። አራቱም ተቃራኒ ናቸው። ደስ ብሎኝ ሁለት ዙር ቫርኒሽ ቀባሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ልሰቅል ሄድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት፣ ነጭ ዶቦኳን (የቴኳንዶ ልብሷን) የለበሰች ልጅ መሰላሉን ይዛልኝ ቀና ብላ ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ አራተኛው ቦታ ላይ ሰባተኛው ነው ያለው» አለችኝ። እነሱ የሚሠሩት ስምንቱ የቴጉክ ፑምሴ (በተርታ የሚሠሩ የቴኳንዶ እንቅስቃሴዎች) የተሰየሙት በእነዚሁ ምልክቶች ኖሯል፤ አንደኛው ሰማይ፣ ሁለተኛው ሐይቅ፣ ከዚያ እሳት፣ ነጎድጓድ፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ ተራራ፣ ስምንተኛው ምድር። ልጅቷ ፊደል እንደምትቆጥር ነው የምታውቃቸው። ነጎድጓድ ከሥር ሙሉ፣ ከላዩ ሁለት የተቆረጠ ነው፤ ሲገለበጥ ተራራ ይሆናል። ሐይቅም ሲገለበጥ ነፋስ ነው። ሰማይ፣ ምድር፣ እሳትና ውኃ ግን ከየትም ወገን ብታያቸው ያው ናቸው፤ እነሱ በራሳቸው ደግነት ነው የዳኑልኝ። ክሬ ያልያዘኝም ወዶ አይደለም። አራቱ ተበላሽተውም ትይዩዎቹ አሁንም ተቃራኒ ነበሩ!

እንጨቱንም ድካሙንም እኔው ቻልኩት። የመጀመሪያው ሰሌዳ ዛሬ እግር ተተክሎለት ቤት ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ሲኒ ትደረድርበታለች። እንግዳ «ምንድን ነው?» ሲል የምትመልሰውን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛውን ስሠራ አንድ መመርመሪያ አገኘሁ፤ ለአንባቢም ይጠቅማል። በቀድሞው ሰማይ አሰላለፍ ለዓሦቹ ቅርብ የሆነውን የመጀመሪያውን ቀለበት ብቻ ተመልከቱ። ከአናት ጀምሮ በግራ በኩል ያሉት አራቱ መስመሮች ሙሉ፣ በቀኝ ያሉት አራቱ የተቆረጡ መሆን አለባቸው። ከዚያ ቁጥሮቹን በጣታችሁ ተከተሉ፤ አንድ ከአናት፣ ሁለት ሦስት አራት በግራ ይወርዳሉ፣ አምስት ዘልሎ ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል፣ ስድስትና ሰባት ወርደው ስምንት ከታች ያርፋል። ጣታችሁ የሄደበት መንገድ ዓሦቹን የሚለየውን ጥምዝ ይመስላል። የሚተያዩትን ሁለት ቁጥሮች ብትደምሩ ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። እናንተ «በዙሪያው ያሉት ጌጣጌጥ መስመሮች» ያላችሁት ይህንን ነው፤ ይቺ ቃል ከሁሉም በላይ ከንክናኛለች።

ነገሩ ለእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አጎቴ ኮሪያ ዘምተው ከተመለሱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ሻለቃ የሄደው በ1943 ዓ.ም. ነው። ሳሎናቸው ውስጥ በመስተዋት የተገጠመ የኮሪያ ባንዲራ ነበር። ባንዲራው ላይ ከስምንቱ አራቱ ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሰማይ በግራ ከላይ፣ ምድር በቀኝ ከታች፣ ውኃ በቀኝ ከላይ፣ እሳት በግራ ከታች። እኔን ያዳኑኝ አራቱ! አጎቴ ካረፉ በኋላ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ባንዲራው ወርዶ ተመልሶ ተሰቀለ። የተሰቀለው ተገልብጦ ነበር። ምልክቶቹ ሲገለበጡ ስለማይለወጡ ዓይን አይጎረብጥም፤ ቦታቸው ግን ተለዋውጧል፣ የመሐሉም ቀይ ታች፣ ሰማያዊው ላይ ሆኗል። ስንት ተዝካርና ስንት በዓል ሰማይ ከታች፣ ምድር ከላይ ሆኖ በልተን ጠጥተናል፤ እኔም አብሬ። ያየሁት ልጅቷ ካረመችኝ በኋላ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ አቃናሁት።

የምለምናችሁ ሥዕሉን ወይም ጽሑፉን አስተካክላችሁ እንድታትሙ ነው። የኋለኛውን ሰማይ ከመረጣችሁ ሥዕሉ ይቆይና ጽሑፉ ይቀየር፤ የቀድሞውን ከመረጣችሁ ሁለተኛውን ሰሌዳ የሠራሁበትን ንድፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ወደ መሐል ያለው መስመር ላይ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አለ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ከጀርባውም ይታያል፤ በጀርባው ካተማችሁት እሳት ወደ ቀኝ፣ ውኃ ወደ ግራ ይሄዳሉ። እንዳትሳሳቱ ከኋላው በትልቁ «ጀርባ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አናጺው፣ ከጅማ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል)