ግንቡ የፊቱ ብቻ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጎንደር ጃንተከል አካባቢ የምኖር ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ ነኝ። 34 ዓመት የሰው ቤት ገንብቻለሁ። የራሴን ግን በእንጨትና በጭቃ ነው ያቆምኩት፤ አቅሜ ያ ነበር። ወደ መንገድ የሚያየውን አንዱን ግድግዳ ብቻ፣ ከየሥራው በተረፈ ድንጋይ፣ ቀስ እያልኩ ገነባሁት። ለዓይን ያምራል። ጣጣ ያመጣብኝም እሱ ነው።

ዘንድሮ የቤት ግብር ግምት ወረቀት ደረሰኝ። ያለበት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም አስደነገጠኝ። ቢሮ ሄጄ መዝገቡን አሳዩኝ ብዬ ስለምን፣ ቤቴ «ግንብ፣ ባለ ኮርኒስ፣ 78 ካሬ» ተብሏል። በራሴ ሜትር ለክቼዋለሁ፤ 61 ነው። ትርፉ 17 ካሬ ከሁለት ክረምት በፊት የወደቀው ማድቤት ነው። ፕላኑ ላይ አለ፣ መሬቱ ላይ የለም። አሁን ጎመን ተክዬበታለሁ። ኮርኒስ ያሉትንም እንጃላቸው፤ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የወጠረችው ማዳበሪያ ነው።

ገማቹን ልጅ በመስኮት አይቼዋለሁ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ መስሎኝ ዝም አልኩ። በሬ ላይ «ከውሻ ይጠንቀቁ» የሚል ተጽፏል። ውሻው ከሞተ ቆየ፤ ጽሑፉን ግን ለሌባ ይሆናል ብዬ ትቼው ነበር። ልጁ አነበበና ከደጅ ቀረ። ድንጋዩን አየ፣ ጻፈ፣ ሄደ። እርግጥ ፋሲል ግቢን እያየ ያደገ ሰው ፊቱ ድንጋይ የሆነ ሁሉ ውስጡም ድንጋይ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የጣሪያና ግድግዳ የምንለው ግብር በ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 የሚሰላው ቤቱ በዓመት ያወጣል በተባለው የኪራይ ግምት ላይ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ጥር 2017 ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ለቤት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይላል። በመቶኛው አልጨቃጨቅም። ግን አሮጌውም አዲሱም መነሻቸው ግምት ነው። ጭቃው ገና ከመነሻው ግንብ ከተባለ፣ መቶኛው ቢያንስ ምን ይፈይዳል?

ቅሬታ አስገባሁ። «ጋሼ፣ ማስረጃ ይዘው ይምጡ» አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ። ለጭቃ ግድግዳ ምን ማስረጃ ይቀርባል? ልጄ በስልኳ ዙሪያውን ፎቶ አነሳችልኝ። አሳጥበን ከካርታውና ከቆዩት ደረሰኞች ጋር አያያዝነው። ሦስቴ ተመላለስኩ። በአራተኛው ሁለት ባለሙያዎች ቤቴ ድረስ መጡ። አንደኛው የጓዳውን ግድግዳ በቁልፉ ጫር ቢያደርገው ጭዱ ከነጭቃው ረገፈ። «በቃ፣ በቃ፣ ቤቱን አታፍርስብኝ!» አልኩት። ተሳሳቅን። ግንቡ «ጭቃ» ተብሎ ተስተካከለልኝ። የማድቤቱ ጉዳይ እስካሁን «በሂደት ላይ» ነው።

እኔስ ግድግዳ ሥራዬ ስለሆነ ተከራከርኩ። ጎረቤቴ እማማ ግን ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄደው ከፈሉ። ቤታቸው ከእኔም ይብሳል። ለምን ቅሬታ አላቀረቡም ስላቸው «መንግሥት ለክቶ የጻፈውን እኔ ምን ልበል ልጄ?» አሉኝ። በለካማ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከድምሩ ጋር ዝርዝሩም ወረቀቱ ላይ ይጻፍልን። ስንት ካሬ፣ ግድግዳው ከምን፣ ጣሪያው ከምን፣ ስንት ክፍል፣ ቅሬታ ያለው የት እና እስከ መቼ እንደሚያቀርብ። ቢበዛ አምስት መስመር ቢሆን ነው። እማማም የልጅ ልጃቸውን ያስነብቡና «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ በበኩሌ በሬ ላይ ያለውን የውሻ ማስጠንቀቂያ በቀለም አጥፍቼዋለሁ።

አንድ ጡረተኛ ግንበኛ
ከጎንደር