አባዬ የዓይን ጠብታህን እያደረግክ ነው?

አባዬ እንደምን አለህልኝ፣ የምታነብልህ እማዬ ስለሆነች እማዬ አንቺም ሰላም ነሽ ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የአዳማ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ብታያት!

ባለፈው ትምህርት ቤታቸው ፕላኔታሪየም መጥቶላቸው ነበር፣ በፋን የሚነፋ ትልቅ ድንኳን ነገር ነው፣ ጫማ አውልቀህ ጎንበስ ብለህ ትገባና መሬት ላይ ጋደም ስትል ጣሪያው በሙሉ ሰማይ ይሆናል። የሚያሳየን ልጅ ሲያስረዳ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከቆምክበት ላቲትዩድ፣ ማለት ከምድር ወገብ ካለህ ርቀት በዲግሪ፣ ጋር እኩል ነው አለ፣ እኛ ጋ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ እናንተ ሐዋሳ ደሞ 7፣ ለዛ ነው ዝቅ ብሎ ዛፍ የሚከልለው። ግን ዞር ስንል የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብም አለ! አውሮፓ ያለ ሰው እሱን አያይም፣ አውስትራሊያ ያለው የሰሜኑን አያይም፣ እኛ ሁለቱንም እናያለን አባዬ፣ ደስ አይልም? ልጅቷማ ለአያቴ ካላሳየሁት ብላ ለቅሶ።

ስለ ሳተላይታችንም ነገራቸው። ትዝ ይልሃል ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በጠዋት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ሲመጥቅ ቲቪው ፊት ቆመህ «የኛ ልጆች እኮ ናቸው ከእንጦጦ የሚቆጣጠሩት» እያልክ ስታጨበጭብ? እኔ አጠገብህ ነበርኩ አባዬ። ፊዚክስ እንጀራ አይሆንም ብለህ ፎርሙ ላይ አካውንቲንግ ያስሞላኸኝ እኔ። ያን ቀን ዞር ብለህ አንዴ ብታየኝ ብዬ ጠብቄ ነበር። ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ጎደለብኝ የምለው ነገር የለም፣ ይሄ ግን እስከዛሬ አልወጣልኝም።

እሺ እሱን ተወው። ድንኳኑ ውስጥ ልጁ ምን አለ መሰለህ፣ ደብዘዝ ያለ ኮከብ ማየት ስትፈልጉ በቀጥታ አትዩት፣ ትንሽ ወደ ጎኑ እዩ፣ ዓይናችን በጨለማ በጎኑ ነው ይበልጥ የሚያየው አለ፣ እውነትም ሞከርኩት ብቅ አለልኝ፣ ወዲያው አንተ መጣህብኝና ከዛ በኋላ ምን እንዳወራ አልሰማሁም። ይሄ የዓይንህ በሽታ፣ ግላኮማ፣ መጀመሪያ የሚወስደው የጎን እይታን ነው አባዬ። ፋሲካ ላይ ስኒውን በቀኝህ ሳቀብልህ አላየኸውም፣ ልጅቷንም በጎን ስትመጣ ገጭተሃት ስቀህ አሳለፍከው፣ እኔ አልሳቅኩም። አሁን የሚታይህ ምን ያህል ነው? እማዬ ይሄን እንዳትዘይው በናትሽ። ደህና ነኝ እያልክ ጠብታውን እንዳታቆም፣ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ነው የሚያቆይልህ፣ ማታ ማታ ሳትረሳ አድርግ።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የሐኪም ካርድህን አዘጋጁልኝ ሰኞ አብረን እንሄዳለን፣ እምቢ እንዳትል። ጠብታው ካለቀ ደሞ ዛሬውኑ ደውሉ፣ እናንተ ጋ ከጠፋ እዚህ ገዝቼ በመኪና እልከዋለሁ።