ሰሜን ሸዋ ከቤተ መንግሥቱ ባሻገር

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ሰሜን ሸዋ ቅርስ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። አንኮበርና ደብረ ብርሃን የሚገባቸውን ያህል ተወስተዋል፤ የገደሉ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ከነፎቶው ቦታ አግኝቷል። ትረካው ግን ከነገሥታት ግቢ ሳይወጣ አለቀ።

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ከሐረርና ከታጁራ በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ትልቅ ገበያ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ሜዳ ጨው፣ ጨርቅና ቡና ሲለዋወጡ ኖረዋል፤ ቤተ መንግሥቱም ከዚሁ ንግድ ቀረጥ ይሰበስብ ነበርና ደጋውን ለብቻው ነጥሎ መተረክ ታሪኩን ያጎድለዋል። በይፋት በኩል ደግሞ ጥንታዊው የጎዜ መስጊድ አለ፤ በጽሑፉ ግን ስሙ እንኳ አልተነሳም።

መንዝም ቢሆን የተነሳው በብርዱ ብቻ ነው። ያንን ብርድ የሚመክተው ባና እንዴት እንደሚሠራ ግን አልተነገረም፦ የበጉን ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ ከሸማኔው እጅ ጠባብ ሆኖ የሚወጣው ጨርቅም ጎን ለጎን ተሰፍቶ ሰፊ መደረቢያ ይሆናል።

በዚህ አካባቢ አብዛኛው አርጎባ ዛሬ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ስለሆነ፣ የአርጎብኛን ነገር የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ዘጋቢያችሁ ወደ ቆላው ወርዶ ቢያነጋግራቸው መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን