ደቻቱ ደርቆ ሳለ

ክቡር አዘጋጅ፣

በውቅያኖስ ዳርቻ ድንገት ስለሚነሣ ማዕበል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስናነብ፣ አንድ ወዳጄ «ባሕር ለሌለው ለድሬ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?» አለ። እኔ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ የታየኝ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ፣ ደቻቱ ነበር።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሱማትራ የተነሣው ሱናሚ ከሰዓታት በኋላ የሶማሊያን ዳርቻ መትቶ ሰው ጨርሷል። በዚያ ቀን በብዙ ስፍራ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። ዓሣ በደረቅ መሬት ሲንፈራገጥ ያየ ሰው ሊለቅም ገባ፤ ውኃው ሲመለስ ለመሸሽ ጊዜ አልነበረም።

የእኛም ወንዝ ሰውን የሚያዘናጋው በድርቀቱ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል፣ ማደሪያ ያጣ ይተኛበታል። ጎርፉን የሚያመጣው ዝናብ የሚጥለው ግን ከከተማችን በላይ ባለው በደንገጎ ተራራና በሐረርጌ ደጋ ነው። እኛ እዚህ ላባችንን እየጠረግን ሳለ፣ ውኃው ተራራውን ለቆ መንገድ ጀምሮ ይሆናል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ጎረቤታችን የነበሩ እናት ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ጣሪያ አወጡ። ከዚያ የስፌት መኪናቸውን ሊያነሡ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ልጆቹን ያሳደጉት በእርሷ ነበርና። መኪናዋን ከሦስት ቀን በኋላ ከአሸዋ ቆፍረን አወጣናት፤ መርፌዋ እንኳ አልተሰበረም። እሳቸውን ግን አላገኘናቸውም። ዛሬም አንድ ሰው «ዕቃዬን ላንሣና» ሲል ስሰማ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ በሰንበቴ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ከላይ በኩል የድሮውን ባቡር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። በከተማው ጠብታ አልነበረም። እየጮኽኩ ወደ ወንዙ ዳር ሮጥኩ። አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ወጡ፤ አንዱ ግን ለኳሱ ተመለሰ። አንድ ባለ ባጃጅ ክንዱን ይዞ ጎትቶ ባያወጣው ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ልብ እጽፈው ነበር። ውኃው ሲደርስ ፊቱ ጭራሮና የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ጥልቀቱ ከኋላው መጣ።

ሰው ሁሉ ውኃው ዝቅ ያለ ሲመስለው ልሻገር ይላል። ጉልበት ያልደረሰ ወራጅ ውኃ እኮ ጎልማሳውን ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን መኪና ከመሬት አንሥቶ ይወስዳል። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ከአሸዋው መውጣት ነው። ድምፁን የሰማም ቆሞ አይይ፣ ስልኩንም አውጥቶ አይቅረጽ፤ ወደ ከፍታው ይሂድ። ለመዝናናት ጅቡቲ የምትወርዱም፣ ጸጥ ያለ ባሕር ድንገት ትልቅ ማዕበል ሊያመጣ ይችላልና ጀርባችሁን አትስጡት።

ከከተማው አስተዳደር የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ደጋው ላይ ዝናብ ሲበረታ ስልክ የሚደውል ሰው ይመደብ። ስልኩን የሚቀበለውም ወዲያው ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ያሳውቅ፤ ድምፅ ማጉያው በየሰፈሩ አለ፣ በሌሊትም ይሰማል። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይነገር፤ አሸዋው ላይ የሚያድሩትን የሚቀሰቅሱ የሰፈር ወጣቶችም ከአሁኑ ይመረጡ። ክረምቱ ገብቷልና ደብዳቤዬን ሳትውሉ ሳታድሩ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ።

የደቻቱ ዳር ነዋሪ፣
ድሬዳዋ